ሁለት ንባብ በአንድ ቤት፦ የሶላር መከታተያውና የመብራት ቆጣሪው በቆቦ ለምን አይስማሙም?

(በፋኩልቲው ለሕዝብ ክፍት በሆነው የንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በመጠኑ የተስተካከለ)



ርእሰ ጉዳዬን በቁጥር ልጀምር። በቆቦ ከተማ የሚገኝ አንድ መኖሪያ ቤት እናስብ። ጣሪያው ላይ ሶላር ፓኔል፣ ጓዳው ውስጥ ኢንቨርተርና የሊድ አሲድ ባትሪ አለው፤ የመስመር መብራትም አለው። በአባወራው ስልክ ላይ የተጫነው መተግበሪያ ለጃንዋሪ ወር «ፓኔሉ 180 ኪሎ ዋት ሰዓት አመነጨ፤ ቤቱ 240 ኪሎ ዋት ሰዓት ተጠቀመ» ይላል። አባወራው ይቀንስና «እንግዲያው ከመስመር የወሰድኩት 60 ነው» ብሎ ይጠብቃል። ቢሉ ሲመጣ 124 ይላል። ቁጥሮቹን ለማስተማሪያ ያዘጋጀኋቸው እኔ ነኝ፤ ሁኔታው ግን ሶላርና መስመር አብረው በገቡበት ቤት ሁሉ ሊያጋጥም የሚችል ነው።

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም። አባወራው ስልኩን ይዞ አገልግሎት ማዕከል ይሄዳል። ሠራተኛው ስልኩን አይቶ «ይህ የእኛ መሣሪያ አይደለም» ይላል፤ ትክክል ነው። ሶላሩን የተከለው ባለሙያ ይጠራል፤ እርሱም «የእኔ ሥራ ይሠራል፣ ቆጣሪው ነው የሚሮጠው» ይላል። ጉዳዩ የእምነት ጉዳይ ሆኖ ያርፋል። አንዳንዱ ክፍያውን ያቆምና መስመሩ ይቆረጥበታል። የባሰበት ደግሞ የቆጣሪውን እሽግ ለመንካት ይፈተናል፤ ይህም በወንጀል ያስጠይቃል። ነገሩ በተቃራኒውም አቅጣጫ አለ። ሶላር ያስገባ ቤት የመስመር ፍጆታው በአንድ ጊዜ በግማሽ ሊወርድ ይችላል፤ ጣሪያውን ቀና ብሎ ያላየ ሰው ይህን ንባብ በመዝገብ ላይ ሲያገኘው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ስርቆትን ነው። ስለዚህ ሁለቱን ንባብ ማስታረቅ መቻል ደንበኛውንም ተቋሙንም የሚጠቅም ሙያ ነው፤ ከዚህ አዳራሽ የሚወጣ ተማሪም ይህን ሙያ ይዞ ቢወጣ እወዳለሁ።

ቆቦን የመረጥኩበት ምክንያት አለኝ። ከወልድያ ወደ ሰሜን ጎብዬንና ሮቢትን አልፎ የሚገኘው የራያ ቆላ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ነው፤ ዝናቡ አጭር፣ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ፀሐዩ ብርቱ ነው። ፓኔል ለመትከል ከዚህ የተሻለ አገር ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም። ሁለተኛው ምክንያት ደስ የሚል አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ሰሜን ወሎ ከዋናው የኤሌክትሪክ መረብ ተቆርጦ ለወራት በጨለማ ቆይቷል። ስልኩን ቻርጅ የሚያደርግበት አጥቶ የዘመዱን ደኅንነት ሳያውቅ የከረመ ሰው ሶላር መግዛትን እንደ ቅንጦት አይመለከተውም። መስመሩ ሲመለስ ሶላሩ አይነቀልም፤ ሁለቱ በአንድ ቤት አብረው ይኖራሉ። አለመስማማቱ የሚመጣውም ከዚህ አብሮ መኖር ነው። የዋጋውም ነገር አለ፤ ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ የመብራት ታሪፍ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲያድግ ተወስኗል። ትናንት ማንም ያልቆጠራት ኪሎ ዋት ሰዓት ዛሬ ትቆጠራለች።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልግባ። ሁለት መሣሪያዎች የተለያየ ቁጥር ሲያሳዩ «የትኛው ይዋሻል?» ብሎ መነሣት ምርመራውን ከመጀመሪያው ያበላሸዋል። መጠየቅ ያለበት «እያንዳንዱ የሚለካው ምንን ነው፣ የት ቆሞ፣ ከመቼ እስከ መቼ?» የሚለው ነው። በቆቦ ገበያ ማሽላ የሚሸጠውና የሚገዛው ቁናው ተቆልሎ ይሁን ወይስ ከአፉ እኩል ተጠርጎ አስቀድመው ካልተስማሙ፣ በአንድ ቁና ሰፍረው ይጣላሉ። ቁናው ግን አልዋሸም። በእኔ ተሞክሮ ከሚቀርቡት ቅሬታዎች የሚበዙት ሁለቱም መሣሪያዎች በየራሳቸው ትክክል ሆነው የተገኙባቸው ናቸው።

መሣሪያዎቹ የት እንደቆሙ እንይ። የመብራት ቆጣሪው የሚቆመው በተቋሙ መስመርና በደንበኛው ግቢ ወሰን ላይ ነው። በእርሱ በኩል ያለፈውን ሁሉ ይቆጥራል፤ ከፓኔሉ በቀጥታ ወደ ፍሪጁ የሄደውን ኃይል ግን ፈጽሞ አያውቀውም። መተግበሪያው በበኩሉ የሚያየው ኢንቨርተሩ ያየውን ብቻ ነው። በአገራችን ቤቶች በብዛት የሚተከለው ኢንቨርተር የመስመሩን መብራት በአንድ በኩል ተቀብሎ በሌላው በኩል ለቤቱ የሚያከፋፍል ዓይነት ነው። እንግዲህ በቆጣሪውና በኢንቨርተሩ መካከል የተቀጠለ ማንኛውም ዕቃ ለቆጣሪው ይታያል፤ ለመተግበሪያው ግን የለም።

ያ ዕቃ ማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ምጣዱ ነው። የእንጀራ ምጣድ 3 ኪሎ ዋት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ባለ 3 ኪሎ ዋት ኢንቨርተር አይሸከመውም፤ ስለዚህ ብልህ ኤሌክትሪሻን ምጣዱን ከኢንቨርተሩ በፊት በራሱ ብሬከር በቀጥታ ከመስመር ያስገባዋል። ሥራው ትክክል ነው። ነገር ግን ለባለቤቶቹ አልነገራቸውም፤ በወረቀትም አላሰፈረላቸውም። ሒሳቡን እንሥራው። ምጣዱ ለ2 ሰዓት ቢሠራ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢጋገር በ30 ቀን 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ይህ ሁሉ በመተግበሪያው ላይ የለም። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልናገር። እኛ ኤሌክትሪክን በጠቅላላ «መብራት» ብለን እንጠራለን፤ መብራት መጣ፣ መብራት ሄደ፣ የመብራት ቆጣሪ እንላለን። አጠራሩ አሳቻ ነው። ቢል የበዛበት ሰው መጀመሪያ የሚያጠፋው አምፖሉን ነው። ለ9 ዋት አምፖል ይጨነቅና 3,500 ዋቱን ምጣድ ይረሳዋል።

ሁለተኛው የማይታይ ተጠቃሚ ጎረቤት ነው። ከአንድ ቆጣሪ ሁለትና ሦስት ቤት መጠቀም በከተሞቻችን የተለመደ ነው። ግቢ ውስጥ ያለ ተከራይ፣ ከአጥር ማዶ ያለች ቡና ቤት፣ አሁንም ከቆጣሪው በኋላ ከኢንቨርተሩ በፊት የተቀጠሉ ሊሆኑ ይችላሉ። እንዲህ ባለ ግቢ መተግበሪያው የአንዱን ቤት፣ ቆጣሪው የሦስቱን ይናገራል።

አሁን ምጣዱ በእንጨት የሚጋገርበት፣ ተከራይም የሌለበት ቤት ነው እንበልና የመጀመሪያውን ምሳሌ እንፍታው። በ60 እና በ124 መካከል 64 ኪሎ ዋት ሰዓት ልዩነት አለ። የት ሄደ?

መተግበሪያው «180 አመነጨ» ሲል የለካው ከፓኔሉ እንደወጣ ነው፤ ገና ባትሪ ውስጥ ሳይገባ፣ ወደ 220 ቮልት ሳይለወጥ። ግማሹ ማለትም 90 ኪሎ ዋት ሰዓት ቀን ባትሪ ውስጥ ገብቶ ማታ ወጣ እንበል። ሊድ አሲድ ባትሪ የተሰጠውን ሁሉ አይመልስም፤ የኢንቨርተሩ ብክነት ተጨምሮበት ከመቶው 75 ብናገኝ ጥሩ ነው። 22.5 እዚህ ቀረ። የቀረው 90 በቀጥታ ሲለወጥ ከመቶ 6 ቢባክን 5.4 ይሆናል። ከዚህ ቀጥሎ ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚዘሉት አለ፤ ኢንቨርተሩ ራሱ ይበላል። ሌሊትም ቀንም፣ ሥራ ቢኖረውም ባይኖረውም፣ 30 ዋት ቢወስድ በ24 ሰዓት ተባዝቶ በ31 ቀን 22.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ሦስቱን ስንደምር 50.2 ሆነ። ይህ ኃይል ለቤቱ አልደረሰም፤ ቤቱ የጎደለውን ከመስመር ሞላ፤ ቆጣሪውም በታማኝነት ቆጠረው።

ገና 13.8 ይቀራል። የወሩን ርዝመት ተመልከቱ። መተግበሪያው የቆጠረው በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር 31 ቀን ነው። የቆጣሪ አንባቢው ግን በሁለቱ ጉብኝቶቹ መካከል 33 ቀን አሳልፏል። 124ን ለ33 ስናካፍል በቀን 3.76 ገደማ ነው፤ የሁለት ቀኑ 7.5 ይሆናል። የእኛ ወር 30 ቀን፣ የፈረንጁ 28ም 31ም ነው፤ ጳጉሜን ሲደርስ ደግሞ አምስት ወይም ስድስት ቀን በመሀል ትገባለች። በነሐሴና በመስከረም መካከል የሚነሣ ቅሬታ ሲደርሰኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ጳጉሜን ነው።

የተረፈው 6.3 ነው። በደረጃ 1 የተመደበ የቤት ቆጣሪ የተፈቀደለት ስሕተት በመቶ አንድ ገደማ ነው፤ የኢንቨርተሮች የውስጥ ልኬት ግን ለክፍያ ተብሎ የተሠራ አይደለም። ከ240 ላይ በመቶ ሦስት ቢሳሳት 7.2 ነው። ስለዚህ 6.3ን ማሳደድ አያስፈልግም፤ በመሣሪያዎቹ የመለካት አቅም ውስጥ የተሰወረ ነው። 64 የነበረው ልዩነት ማንም ሳይዋሽ፣ ማንም ሳይሰርቅ ተፈታ።

ሁሉም ግን እንዲህ በሰላም አይፈታም። እውነተኛ ብልሽት የሚኖርባቸውን ጉዳዮች ላንሣ።

አንዱ የሰዓት ነው። ገበያችን ላይ ካሉት ኢንቨርተሮች የሚበዙት ከቻይና የመጡ ናቸው፤ ሲተከሉ ሰዓታቸው ካልተስተካከለ በቤጂንግ ሰዓት ይቆያሉ። ቤጂንግ ከእኛ በ5 ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ ለመተግበሪያው ቀኑ የሚለወጠው በእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ነው። ራት ተሠርቶ፣ ቴሌቪዥን ተከፍቶ፣ ልጆች መብራት አብርተው የሚያጠኑበት ሰዓት በሙሉ ወደ ነገ ይመዘገባል። በወር ድምር ብዙም አይጎዳም፤ ዕለት ከዕለት ለማነጻጸር የሚሞክርን ሰው ግን ያሳብደዋል። ይህን ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አያስፈልግም፤ ፀሐይዋን ጠይቁ። የአገራችን ሰዓት የተመሠረተው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው፤ ቆቦ ያለችው 39.6 ዲግሪ ላይ ነው። በእያንዳንዱ ዲግሪ 4 ደቂቃ ስንቆጥር ቆቦ ላይ እኩለ ቀን የሚሆነው ከቀኑ 6 ሰዓት ከ20 ገደማ ነው፤ እንደ ወቅቱ በኅዳር ወደ 6 ሰዓት ከ5፣ በየካቲት ወደ 6 ሰዓት ከ36 ይጠጋል። መተግበሪያው የሚያሳየው የማመንጨት ኩርባ መሀሉ እዚያ አካባቢ ካልሆነና 17፡20 ላይ ካረፈ ሰዓቱ የቤጂንግ ነው። ጫፉን ሳይሆን መሀሉን ያልኩት በምክንያት ነው። ባትሪው ረፋድ ላይ ሞልቶ ከሆነ ኢንቨርተሩ ማመንጨቱን ይቀንሳል፤ ኩርባው ያለ ጊዜው ይቆረጣል። በምሥራቅ ዞብል፣ በምዕራብ ወደ ላስታ የሚወጣው ተዳፋት የማለዳና የማታውን ፀሐይ እንደሚከልሉም አትርሱ።

ሌላው የቀለበቷ ነገር ነው። አንዳንዱ ኢንቨርተር ከቆጣሪው በሚወጣው ሽቦ ላይ የምትቆለፍ የከረንት መለኪያ ቀለበት አላት፤ ከመስመር የሚገባውን የምትለካው እርሷ ናት። ላይዋ ላይ ቀስት አለ። ተገልብጣ ከታሰረች መግዛትን መላክ፣ መላክን መግዛት አድርጋ ታሳያለች። ምርመራው ቀላል ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ባትሪውን ከሥራ አግልላችሁ መተግበሪያውን ክፈቱ። ፀሐይ በሌለችበት፣ ባትሪም በማይሰጥበት ሰዓት ቤቱ ወደ መረቡ ኃይል ይልካል ካለ ቀለበቷ ተገልብጣለች። በዚሁ አጋጣሚ፣ ርካሽ የሆኑ የፍጆታ ማሳያዎች ቮልትን በአምፔር አባዝተው «ዋት» ብለው እንደሚጽፉ እወቁ። ፓወር ፋክተሩ 0.6 የሆነ የፍሪጅ ሞተር በእነርሱ ላይ 200 ሲያሳይ እውነተኛው 120 ዋት ነው። እዚህ ላይ ከፍ አድርጎ የሚያሳየው የደንበኛው መሣሪያ ነው፤ ሰውም «ቆጣሪው አሳንሶ ቆጠረልኝ» ብሎ ዝም ይላል። እንዲህ ያለውን ቅሬታ ይዞ የመጣ ሰው እስካሁን አላየሁም።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። የቤት ደንበኛ የላከውን ከወሰደው ላይ የሚያቀናንስ አሠራር በአገራችን አልተለመደም። አንዳንድ ኤሌክትሮኒክ ቆጣሪዎች ደግሞ ስርቆትን ለመከላከል ሲባል ኃይሉ በየትኛውም አቅጣጫ ቢያልፍ እንደ ፍጆታ ይደምሩታል። ከመረቡ ጋር ተጣምሮ እንዲሠራ የተዘጋጀ ኢንቨርተር ያለ ተገቢ ማስተካከያ ቢተከል፣ በእኩለ ቀን የተረፈው ኃይል ወደ መስመሩ ይወጣል፤ እንዲህ ያለው ቆጣሪም የወጣውን እንደገባ ቆጥሮ ያስከፍላል። ፀሐይ በበረታ ቁጥር ቢሉ ይጨምራል ማለት ነው። ሰው ይህን ሲነግረን ላለማመን እንቸኩላለን፤ በምህንድስና ግን ሊሆን የሚችል ነገር ነው። አደጋው ከገንዘብም ያልፋል፤ መስመር ተቆርጧል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ ከታች ኃይል እንዳይመጣበት፣ ኢንቨርተሩ መረቡ ሲጠፋ ራሱን የሚያጠፋ መሆኑ መረጋገጥ አለበት።

ለማጣራት የቆጣሪውን ብልጭታ ተጠቀሙ። በኤሌክትሮኒክ ቆጣሪ ፊት ላይ ትንሽ ቀይ መብራት አለች፤ አጠገቧም በአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትበራ ተጽፏል፤ 1,000 ወይም 1,600 ሊሆን ይችላል። በጠራ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ባትሪው ሞልቶ፣ ከመስመር ቻርጅ ማድረጉ ተዘግቶ፣ የቤቱን ብሬከሮች ሁሉ አጥፉ፤ ኢንቨርተሩ ብቻ ይቅር። መብራቷ በፍጥነት መብረቅረቋን ከቀጠለች፣ የኢንቨርተሩን የመስመር ብሬከር ስታጠፉ ደግሞ ጸጥ ካለች፣ ኃይሉ እየወጣ ነው ብሎ ለመጠርጠር በቂ ምክንያት አላችሁ።

ይህችው ብልጭታ ቆጣሪውን ራሱን ለመፈተንም ታገለግላለች። ሌላው ሁሉ ጠፍቶ 1,000 ዋት የተጻፈበት ማሞቂያ ብቻ ቢሠራ፣ 1,000 ብልጭታ ባለው ቆጣሪ ላይ በየ3.6 ሴኮንዱ አንድ ጊዜ ትበራለች። ሆኖም ቮልቴጁን ሳትለኩ እንዳትፈርዱ። ከትራንስፎርመር በራቀ ሰፈር ማታ ማታ 190 ቮልት ማግኘት ብርቅ አይደለም። ለ220 ቮልት የተሠራ ማሞቂያ በ190 ቮልት የሚወስደው 746 ዋት ብቻ ነው፤ ብልጭታውም በየ4.8 ሴኮንዱ ይሆናል። ይህን ያላወቀ ሰው ቆጣሪው ይዘገያል ብሎ ይመሰክራል።

ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ ወደ ቆቦ ስትወርዱ ከምታገኟቸው ቤቶች አንዳንዱ ፓኔል ላይ የተጻፈውን ዋት ከመተግበሪያው ጋር አነጻጽሮ ይሟገታችኋል። ይህኛው የቆጣሪ ጉዳይ አይደለም። የተጻፈው 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ፓኔል ላይ የተለካ ነው፤ በራያ ቀትር ፓኔሉ 55 ዲግሪ ሲደርስ ከመቶ አሥር በላይ ይቀንሳል፤ አቧራው ሲጨመርበት ከዚያም ይበልጣል። በአክብሮት አስረድታችሁ እለፉ።

በመጨረሻ ስለ ወረቀት ልናገር፤ ከመሣሪያ ይልቅ የሚጎድለን እርሱ ነውና። ሶላር የሚተክል ባለሙያ አንዲት ገጽ የመስመር ንድፍ ለባለቤቶቹ ሳይተው ባይሄድ ከላይ የዘረዘርኩት ሙግት ግማሹ ባልተነሣ ነበር፤ ቆጣሪው የት፣ ኢንቨርተሩ የት፣ ምጣዱ ከየትኛው ፊት እንደተቀጠለ የምታሳይ ንድፍ። ይህን ግዴታ ማድረግ ይገባል ባይ ነኝ። ደንበኛው በበኩሉ ቅሬታ ከማቅረቡ በፊት ለሰባት ቀን ያህል ከምሽቱ 12 ሰዓትና ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ የቆጣሪውን ንባብና የመተግበሪያውን ገጽ ጎን ለጎን ፎቶ ያንሣ። የሌሊቱ ንባብ ዋጋ አለው፤ ፀሐይ ስለሌለች ከሒሳቡ አንዱ የማይታወቅ ነገር ይወጣል። ይህን ሰንጠረዥ ይዞ በ905 የደወለ ወይም አገልግሎት ማዕከል የቀረበ ሰው «ቆጣሪው ይፈተሽልኝ» ሲል ጥያቄው መልክ አለው። ተቋሙም ከዚያ በኋላ ስልኩ የእኛ አይደለም ብሎ ሊመልሰው አይገባም፤ ያቀረበው ከራሱ ከቆጣሪው ላይ የተነበበ ቁጥር ነውና። ቆጣሪውን መክፈትና እሽጉን መንካት የተቋሙ ሠራተኛ ሥራ ብቻ መሆኑን ለቤተሰቡ ደግማችሁ ንገሩ።

ሦስት ፌዝ የሚጠቀሙትን ወፍጮ ቤቶችና በቆቦ ሸለቆ በከርሰ ምድር ውኃ የሚያለሙትን የመስኖ ፓምፖች ዛሬ አልነካሁም። በእነርሱ ላይ ቀለበቶቹ ሦስት ናቸው፤ አንዷ ከሌላው ፌዝ ቮልቴጅ ጋር ከተጣመረች ንባቡ ምን እንደሚመስል ሰሌዳው ላይ የሣልኩትን ንድፍ ይዛችሁ ለሚቀጥለው ሳምንት ሠርታችሁ ኑ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።